ኑሩ ከገበያ የቀረ ዕለት

ጡረታ የሽማግሌ ነው ይባላል። እኔ ገና ሠላሳ አልደፈንሁም፤ ጡረታ የወጣው ሥራዬ ነው። ክፍላችን ሲዘጋ መታወቂያዬንና ካፖርቴን አስረከብሁ፣ የስንብት ወረቀቴን ተቀበልሁ፣ ብዙም ሳልቆይ ደባርቅ ላይ የሰው ባጃጅ መንዳት ጀመርሁ። ሥራው ክፉ አይደለም። ችግሩ ጆሮዬ ነው። ከኋላዬ የተቀመጡ ሴቶች ስለ ገብስ ዋጋ ሲያወሩ እጄ ሳላዘው ፍጥነቱን ይቀንሳል።

«አንተ ልጅ፣ ምነው ቀዘቀዝህ?» ይሉኛል።

«ዳገቱ ነው እናቴ» እላለሁ። ሜዳ ላይ ሆነን ነው።

ሥራዬ የጦር መረጃ ነበር፤ ያውም ከሰው አፍ የሚገኘው። «ሰላይ» የሚለውን ቃል ማናችንም በአፋችን አናስገባውም። በኋላ የመጡት የድሮን ክፍል ልጆች «እግረኞቹ» አሉን። ሊሰድቡን ነበር፤ እኛ ግን ስሙን ወደድነውና በዚያው ጸና። ከገደሉ ባሻገር የነበረውን ባላንጣ ጦር ደግሞ «ማዶዎቹ» እንለው ነበር። እነሱም እኛን «ማዶዎቹ» እንደሚሉን ቆይቼ ሰማሁ። እዚህ የምጽፋቸውን ሰዎች ስም ለውጫለሁ፤ የአንዲቱንም መንደር ስም። ሌላው እንደነበረ ነው።

ወደ ሥራው የገባሁት በአፌ ነው። በሥልጠና ጊዜ ምሳ ሲዘገይ በወጥ ቤቱ ኃላፊ ላይ ስንኝ አወጣሁበት፤ ሰልፉ በሙሉ ተቀበለኝ። ቅጣት ስጠብቅ አንድ ሻምበል አስጠራኝና «ይህን ከማን ተማርህ?» አለኝ። ከማንም አልተማርሁም። ልጅ ሳለሁ ደባርቅ ውስጥ ለቅሶ ቤት በሰማሁ ቁጥር እየሄድሁ፣ ከአልቃሾቹ ጀርባ ቆሜ ሙሾ እሰማ ነበር። ይህን ስነግረው ሳቀ። «ሰው በሚያለቅስበት ቦታ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው እፈልጋለሁ» ብሎ ለሃምሳ አለቃ ገላው ሰጠኝ።

ጋሽ ገላው የኮሶዬ ሰው ናቸው። በኮሶዬ ጉም ስላደጉ ብርድ የሚባል ነገር አያውቁም። ደንብ ልብስ ለብሰው ያየኋቸው ለደመወዝ ፎርም ፎቶግራፍ ሲነሡ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ያረጀ ኮት፣ የላስቲክ ጫማ፣ በትር። ዳባት ገበያ ውስጥ ብትፈልጓቸው በሬ ሊሸጥ ከወጣ ገበሬ አትለዩዋቸውም። የመጀመሪያው ምድቤ እዚያ ዳባት ገበያ ነበር፤ ትምህርት ቤቴም እሱው ነው።

መጀመሪያ የከለከሉኝ ነገር ጥያቄ ነው።

«ሰውን ስትጠይቀው ለጥያቄህ ይመልስልሃል» አሉኝ። «ሰላም ስትለው ግን ስለ ራሱ ይነግርሃል። አንተ ሰላም በል፤ አትቸኩል።»

ጌሾ የምትሸጥ ሴት ዘንድ አብረን ቆምን። ከሰላምታው መርዘም የተነሣ ጥላችን ቦታ የቀየረ መሰለኝ።

«ልጆቹ ደህና?»

«ደህና፣ ምስጋና ለእሱ።»

«ከብቱሳ?»

«ከብቱም ደህና ነው። ብቻ ሜዳው ጠበበን።»

«እሱ ያስፋው» አሉና ጌሾ ገዝተው ሄድን። ራቅ ስንል ዞር ብለው «ምን አለችህ?» አሉኝ።

«ከብቱ ደህና ነው አለች።»

«አልሰማህም። ሜዳው ጠበበን ነው ያለችህ። የእሷ ከብት ያው ነው። የማን ከብት ገባበት?»

ወደ ሴትዮዋ ዞሬ አየሁ።

«በቅሎ ነው የገባበት። የጭነት በቅሎ። በቅሎ ያለው ጦር ደግሞ ተራራ ሊወጣ ነው።»

ሌላው ሕጋቸው መግዛት ነበር። «ከገበያ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ የእኛ ዓይነት ነው» ይላሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዘን እንመለሳለን። ቤታቸው በወንፊት፣ በገመድና በማይጠጣ ጌሾ ተሞልቶ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ስንቄ እኔን ባዩኝ ቁጥር አቤቱታ ነበራቸው።

«ልጄ፣ አንተ የተማርህ ትመስላለህ። ይኸን ሰውዬ መንግሥት የቀጠረው ወንፊት እንዲሰበስብ ነው?»

«ሰብስበሽ ሽጪዋ» ይላሉ ጋሽ ገላው ከውስጥ።

«ለማን? ወንፊት ሻጩ ሁሉ የሸጠው ለባልሽ ነው ይሉኛል።»

አህያ ማንበብም አስተማሩኝ። ሸክሙን አይደለም፣ እሱን ማንም ያያል። ኮቴው ላይ የደረቀውን ጭቃ፤ ከቆላ የወጣች አህያ አፈሯን ይዛ ትወጣለች። ከዚያ ጀርባዋን፦ የቸኮለ ባለቤት ቁስሉ እስኪድን አይጠብቅም። ቀጥሎ የተመደብሁበት አምባ ጊዮርጊስ ላይ ይህን ትምህርት በእህል ተራ ሞከርሁት። የሚኒባስ ረዳቶች «ጎንደር! ጎንደር! አንድ ሰው!» እያሉ በሚጮኹበት መንገድ ዳር ተቀምጬ ማን ምን እንደሚጭን አያለሁ። አንድ ሰሞን የማላውቃቸው ገዢዎች መጥተው ገብስ ብቻ፣ ያውም የተቆላ፣ ካልሆነም ቶሎ ቆልታ የምትሰጥ ሴት ይፈልጉ ጀመር። ለጋሽ ገላው ስነግራቸው ያን ጊዜ እንኳን አልቸኮሉም። ሄደው ራሳቸው አሸተቱ። ሰፈሩ በሙሉ የተቆላ ገብስ ይሸታል።

«በሶ ነው» አሉ። «በሶ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ስንቅ አይደለም። ማዶዎቹ ሊንቀሳቀሱ ነው።»

ተንቀሳቀሱም። ጦራችን ተዘጋጅቶ ስለጠበቃቸው ተመለሱ፤ ብዙ ሰው ሳይሞት። ከሥራ ዘመኔ የምኮራበት ቀን እሱ ነው፤ ሌላ ማስረጃ የለኝም፣ አፍንጫዬ ላይ የቀረ ሽታ ብቻ። በባጃጅ ስዞር ከአንድ ግቢ ገብስ ሲቆላ የሸተተኝ እንደሆነ ዛሬም ፍሬን እይዛለሁ።

አለቆች መጥተው ይሄዳሉ። አንዱ ወረቀት ይወድ ነበር፤ «ሜዳው ጠበበን» የሚለውን ወሬ በየትኛው ዓምድ እንደምሞላው ይጠይቀኛል። ከእሱ በኋላ የመጣው ሻምበል ግን ያዳምጣል። ወጣት ነው፣ ይቸኩላል፣ ግን ያዳምጣል። ደመወዙን በተመለከተ ለወንፊት ይበቃ ነበር።

ከሁሉም በላይ የምናፍቀው ኑሩን ነው። ኑሩ የዳባት ነጋዴ ነው። አሞሌ፣ ስኳር፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የሕፃን ልብስ በአህያ ጭኖ በጃናሞራ አቅጣጫ ገደሉን ይሻገራል፤ ከማዶ ማርና ቅቤ ይዞ ይመለሳል። ጦሮቹ መንገዱን ሲዘጉም እሱን ሁለቱም አሳለፉት፤ ጨው ለሁሉም ያስፈልጋላ። ገበያ በዋለ ቁጥር ከጋሽ ገላው ጎን ቁጭ ይልና ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ከሰላምታቸው ውስጥ የማዶውን አገር እናገኛለን።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይህ ሰው ለእነሱም ይነግር ይሆናል እኮ» አልኋቸው።

«ይነግራል እንጂ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እንዲህ ነው የማምነው። ለአንድ ወገን ብቻ የሚነግር ሰው ይዋሻል። ኑሩ ግን ሁለት ቦታ ስለሚናገር ወሬው እንዳይጋጭበት እውነቱን ይዞ ይዞራል።»

ኑሩ አጠገባችን ጭነቱን ሲያወርድ ይህን ሰምቶ ሳቀ። «ማዶም አንድ እንዳንቱ ያለ ሽማግሌ አለ፤ እሱም ልክ እንዲህ አለኝ። ሰላም በልልኝ ብሏል።»

«ምን ገዛ?» አሉ ጋሽ ገላው።

«ወንፊት።»

እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው የማላውቃቸው ሽማግሌ በትራቸውን እስኪጥሉ ሳቁ።

የሁለቱ ስምምነት አጭር ነበር። ኑሩ ከመጣ ሰላምታው ይናገራል። መጥቶ ጋሽ ገላውን እንዳላየ ካለፈ ዓይን ተከትሎታል ማለት ነው። ከናካቴው ከቀረ ግን ወይራ ማርያም ላይ ጦር ወርዷል፣ መንገዱም ተይዟል። ወይራ ማርያም ከገደሉ አፋፍ ማዶ፣ ከእኛ በኩል ሲያዩዋት ቅርብ፣ በእግር ሲሄዱባት ሩቅ የሆነች መንደር ናት። የጋሽ ገላው እህት እትዬ ይታይሽ እዚያ ተድረው፣ አንዲት ልጅ ወልደው፣ ባላቸውን ቀብረው ይኖሩ ነበር። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ወንድምና እህት አልተያዩም።

ከዚያ ድሮኑ መጣ። ከደባርቅ በላይ ጉብታው ላይ ድንኳን ተተከለ፣ ጀኔሬተር መጣ፣ መቶ አለቃ ራሄል የምትባል የድሬዳዋ ልጅ ሁለት ስክሪን ይዛ ተቀመጠች። እኔም «ቦታዎቹን በእግርህ ታውቃቸዋለህ» ተብዬ ከጎኗ ተመደብሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ገደሉን ከላይ ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ግማሽ ቀን የሚያደክመኝ ቁልቁለት እንደ ጨርቅ ሽብሽብ ከሥሬ አለፈ። ራሄል በብርዱ ጓንት ላይ ጓንት ደርባ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ መሣሪያውን እንደ ሕፃን ትጠብቀዋለች።

«ይሄን አገር ሰው እንዴት ይኖርበታል፣ አንተ?»

«ያንቺን ሙቀትስ?»

«ሙቀት ነገር አይደብቅም። እዚህ ጉሙ ሲመጣ ምንም አላይም፤ ሙቀት የሚያየውን ካሜራ ብቻ ነው የማበራው። እሱ ደግሞ ፊት አያሳይም። ነጭ ነጭ ሰው ብቻ።»

ጋሽ ገላው ስክሪኑን ንቀውታል ተብሎ ይወራ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። በየቀኑ ድንኳኑ በር ላይ ይመጣሉ። «ማዶው እንዴት ዋለ?» ይላሉ፤ እንደ ሥራ። ራሄል ካሜራውን ወደ ወይራ ማርያም ታዞርላቸዋለች። ከአውድማው አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ጣሪያ ታበራለች። ቆርቆሮውን የገዙት እሳቸው ናቸው፤ ለእህታቸው። ጢስ ከወጣ አይተው ይሄዳሉ። ካልወጣ ትንሽ ይቆማሉ።

«ገብስ እየወቃች ይሆናል» ይላሉ።

«ይሆናል ጋሽ ገላው» ትላለች ራሄል።

አንድ የገበያ ቀን ኑሩ ቀረ።

ጋሽ ገላው ዳባት ላይ ከቦታቸው ሳይነሡ ረፈደ፤ ገበያው ሞልቶ መጉደል ጀመረ። ኑሩ የለም፣ አህዮቹም የሉም። ሚኒባስ ይዘው ደባርቅ መጡና ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው ድንኳኑ ገቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ነገር ሳይገዙ ከገበያ መመለሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ኑሩ አልመጣም» አሉ ለሻምበሉ።

ሻምበሉም ቀድሞ እዚያው ነበር፤ ራሄል ያስጠራችው። ጉሙ ገደሉን ሞልቶት ስለነበር ሙቀት የሚያየው ካሜራ ብቻ ነው የሚሠራው። ወይራ ማርያም ላይ ሰው እየተሰበሰበ ነው። ከየአቅጣጫው በቡድን በቡድን ይመጣሉ። ብዙዎቹ ወንዶች ጠመንጃ ይዘዋል። የሚገቡት አንድ ግቢ ነው። ከግቢው መሃል አንድ ረጅም ነገር ተሸፍኖ ተቀምጧል። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ክብ፣ ትልቅ ሳህን የሚመስል ነገር ይታያል።

«ከባድ መሣሪያ ሸፍነዋል» አለ ሻምበሉ። «ያ ክቡ አንቴና ነው። ማዘዣ ጣቢያ እያቋቋሙ ነው።» ከዚያ ወደ ጋሽ ገላው ዞረ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሽ ገላው፣ ግቢው የእህትዎ ነው።»

ጋሽ ገላው ቆርቆሮዋን አዩ።

«የሰፊ ግቢ ዕዳ ነው» አሉ። «ጦር ቤት ሲይዝ መጀመሪያ ባለቤቱን ነው የሚያስወጣ። እሷ አሁን ጎረቤት ዘንድ ናት፤ ወይ ቆላ ወርዳለች።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ኑሩ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። ጦር ወርዷል። ቤት እንደሆነ ተመልሶ ይሠራል፤ ቆርቆሮውን እኔ እገዛለሁ።»

ይህን ሲሉ የበትራቸውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር። ሻምበሉ ሬዲዮውን አነሣ። መድፈኞቹ ቦታውን ከቀድሞ ያውቁታል፤ የሚጠብቁት አንድ ቃል ነው።

እኔ ስክሪኑን እያየሁ ነበር። አንድ ነገር አላስችል አለኝ። የሚመጡት ሰዎች ሁሉ አውድማው ሥር ሲደርሱ ይቆማሉ። ኋላ የቀሩት እስኪደርሱ ይጠብቃሉ። ከዚያ አንድ ላይ ይወጣሉ። ጦር እንዲህ አይገባም፤ ጦር ተራርቆ ነው የሚሄድ። ከሴቶቹ ግማሹ ደግሞ በተሸፈነው ነገር ዙሪያ ክብ ሠርተዋል። ክቡ ይዞራል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣ ይቆማል። አንዲት ሴት ወደ መሃል ትገባለች፣ እጇን ወደ ላይ ትዘረጋለች፣ ትመለሳለች፣ ሌላዋ ትተካለች። ስክሪኑ ድምፅ የለውም። እኔ ግን ሰማሁት። ክቡ የሚቆምበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ ስንኙ አልቆ ተቀባዮቹ የሚያነሡበት ቦታ ነው። ልጅ ሆኜ ከአልቃሾች ጀርባ ስቆም እግሬ ከእነሱ ጋር የሚቆምበት ቦታ ነው።

«ራሄል፣ ጠመንጃዎቹን አቅርቢልኝ» አልሁ።

አቀረበች። ጉሙ ሲሳሳ አንዱ ሰው ጥርት ብሎ ወጣ። አፈሙዙ ወደ መሬት ነው። የቀጣዩም። የሁሉም ተዘቅዝቋል።

ራሄልም በራሷ መንገድ አንድ ነገር ላይ ደርሳ ነበር። «እኔን የገረመኝ ሌላ ነው» አለች፤ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ። «የድሮናችን ድምፅ ከዚህ ከፍታ ይሰማል። ጦር ከሆነ ሰማዩን ያያል፣ ይበተናል፣ ዛፍ ሥር ይገባል። እነዚህ ከመጡ ጀምሮ ቀና ያለ አንድ ሰው የለም። ደግሞ ያ አንቴና ተነሥቶ ሄደ። አንቴና አይሄድም።»

ክቡ ነገር በእርግጥ እየሄደ ነው፤ አንድ ሰው ተሸክሞት፣ ሌላ ተመሳሳይ ክብ ከኋላው ተከትሎት። የካህናት ጃንጥላ ነው።

አፌን ከፈትሁና ዘጋሁት። ጋሽ ገላው ከጎኔ ናቸው። ሞት እንዲህ አይነገርም። ወንድም ለሆነ ሰው መርዶ በድንኳን ውስጥ፣ በስክሪን፣ በአንድ ለፍላፊ ልጅ አፍ አይነገርም። የነፍስ አባት ይፈለጋል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ዙሪያውን ከብበው ነው የሚያረዱት። ይህን ወግ እየጣስሁ መሆኔን አውቀዋለሁ። ሻምበሉ ግን ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠግቷል።

«ሻምበል፣ ጦር አይደለም» አልሁ። «ለቅሶ ነው። የተሸፈነው አስከሬን ነው።»

ሻምበሉ እጁ ባለበት ቀረ። እኔን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ጋሽ ገላውን አየ። ጋሽ ገላው አላዩትም። ወደ ስክሪኑ ተጠግተው ጎንበስ አሉ።

ከግቢው መሃል አንዲት ሴት ከአስከሬኑ አልጋ ተነጥላ ወድቃ ተነሣች። ስትሄድ በአንድ ጎን ታዘነብላለች። ነጭ ነጭ ምስል ናት፣ ፊት የላትም፤ አካሄዷ ግን አላት።

«ይቺ የምታነክሰው የይታይሽ ልጅ ናት» አሉ ጋሽ ገላው። «ልጅየዋ ካለች፣ የሞተችው እናትየዋ ናት።»

ሻምበሉ ሬዲዮውን ከፍቶ «ይቅር። ጥያቄው ይሰረዝ» አለ። ሬዲዮውንም ዘግቶ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋው።

ራሄል ተነሥታ ወንበሯን ለጋሽ ገላው ለቀቀች። አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ማንም «ቁሙ» ሳይለን ሁላችንም ቆምን። አልጋው ሲነሣ አየን። ሰልፉ ጃንጥላዎቹን አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ወጣ። በዝምታው ላይ የራሴን ስንኝ ሳላስበው አስገባሁበት፦

*ማዶ ለማዶ ሆነን ስንተያይ ከርመን፣*
*ወሬ ነጋሪ አጣን ሰው መካከል ቆመን።*

ጮክ ብዬ አላልሁትም።

«ነዳጁ እያለቀ ነው» አለች ራሄል ቀስ ብላ። «መመለስ አለብኝ ጋሽ ገላው።»

«ትንሽ አቆዪልኝ፣ ልጄ።»

ትንሽ አቆየችው። ከሚፈቀድላት በላይ እንዳቆየችው ያወቅሁት በኋላ ስትጠየቅበት ነው። ሰልፉ የቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ዛፎች ሥር ሲገባ ካሜራው ዞረ፤ ስክሪኑን ገደሉ ሞላው።

ያ ቀን ክፍላችንን ገደለው። ከበላይ የመጡት ሰዎች ጉዳዩን ሲመረምሩ ያዩት የእግረኞቹ ምልክት መሳሳቱን ነው፤ የስክሪኑ ሰዎችም እኩል ተሳስተው እንደነበር ሻምበሉ ቢጽፍም ሰሚ አላገኘም። እኔ የማስበው ሌላ ነው። ሁለታችንም ትክክለኛውን ነገር አይተን ነበር። ሰው ተሰብስቧል፤ ኑሩ ቀርቷል። የጎደለን ለምን እንደሆነ ማወቅ ነው። «ለምን»ን ያኔ ያገኙት ጋሽ ገላው ራሳቸው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን መልሰው ሳያደርጉ።

«ኑሩ አልጠፋም» አሉ። «ማዶ ነው ያደረው፤ ሞቷን አይቷል። ገበያ ከመጣ ከእኔ ፊት ይቀመጣል፣ ሰላም ልለው ነው፣ እህቴን ልጠይቀው ነው። ደህና ናት ብሎ አይዋሸኝ፣ ሞታለች ብሎ በገበያ መሃል አያረዳኝ። ስለዚህ አልፎኝ ሄዷል። ኮሶዬ ነው የሄደው፤ ዘመድ ሊጠራ። ነገ ጠዋት ይመጣሉ።»

ከዚያ አንድ በአንድ አዩን።

«ዛሬ እዚህ ማንም ምንም አልነገረኝም። ምንም አላየሁም። ስንቄም እንዳትሰማ።»

«ጋሼ…» አለ ሻምበሉ።

«ሰዎቹ ሊያረዱኝ ከኮሶዬ ድረስ ይመጣሉ፣ ሻምበል። ባዶ እጃቸውን አይመለሱም።»

ጎህ ሲቀድ እኔና ራሄል ደባርቅ ካለው የጋሽ ገላው ቤት አጥር ውጭ ቆመን ነበር። ማን ኑ እንዳለን አላውቅም። ጉሙ ሰፈሩ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሰዎቹ ቅርብ እስኪደርሱ አልታዩም። የነፍስ አባታቸው መምሬ አየለ ከፊት፣ የኮሶዬ ዘመዶች ከኋላቸው፣ ከሁሉም ኋላ ኑሩ፣ ሽርጡ እስከ ጉልበቱ ረጥቦ። መምሬ በሩን በመስቀላቸው እጀታ መቱት።

ጋሽ ገላው ሌሊቱን እንዳልተኙ አውቃለሁ። በሩን የከፈቱት ግን ከእንቅልፉ እንደተነሣ ሰው ነው፦ ጫማቸውን ሳያደርጉ፣ ጋቢያቸው ከአንድ ትከሻቸው ወርዶ፣ ዓይናቸውን እያሹ። በሥራ ዘመናቸው ብዙ ሰው መስለው አይቻቸዋለሁ፤ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ሰካራም። ይኸኛው የሁሉም የበላይ ነበር።

«ማነው?»

«እኛ ነን። ቤተ ዘመድ።»

«ምነው በጠዋት? ደህና ናችሁ?»

«ግባ፣ ተቀመጥ ገላው» አሉ መምሬ። ዘመዶቹ ሳይታዘዙ ከግራና ከቀኝ ቆሙ፤ ሲወድቁ ሊይዟቸው። ራሄል ክንዴን ያዘችው። መምሬ ቀጠሉ፦ «አምላክ የሰጠውን ይወስዳል። እህትህ ይታይሽ አርፋለች።»

ከጋሽ ገላው የወጣው ድምፅ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። ወደቁ፣ ያዟቸው፣ እትዬ ስንቄ ከጓዳ እየጮኹ ወጡ፣ ጎረቤት በየበሩ ተነሣ። ራሄል ትላንት በዓይኗ ያየችውን ሞት አሁን እንደሰማች ሰው ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔም ወደ ግቢው ገብቼ አለቀስሁ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ኑሩ ከኋላ መጣና አጠገባቸው ተንበረከከ። በገበያው መቅረት ላይ ምን እንደተንጠለጠለ አያውቅም ነበር፤ እስከ ዛሬም አያውቅም።

«ትላንት ስለቀረሁብዎ ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ ገላው። ብቻዬን ላረዳዎት አልሆነልኝም።»

ጋሽ ገላው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከትከሻው በላይ እኔን አዩኝ፤ ዝም እንድል።

«ደግ አደረግህ» አሉት።